«ባዶ መኪና ይዘው መጡ!» እውን ባዶ ነበር?

(በሰፈራችን እድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አሳጥሬዋለሁ።)

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንበር አጥታችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ዛሬ በሰሌዳችን ላይ ሁለት አጀንዳ ተለጥፏል። ተራ ቁጥር 1 «ስለ እሳት አደጋ ገለጻ» ይላል። ተራ ቁጥር 2 ደግሞ «በቅያሳችን መግቢያ ላይ ስለተተከለው የብረት በር» ይላል። ጸሐፊያችን ሁለት ቁጥር ሰጥተዋቸዋል። እኔ አንድ ጉዳይ ናቸው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ እያወራን እንደርስበታለን።

ለማታውቁኝ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ ለሚቀበለኝ ጋዜጣ ሁሉ የምጽፍ ነፃ ጋዜጠኛ ነኝ። «ነፃ» ያሉት ደሞዝ ስለሌለው ሳይሆን አይቀርም። ለአንድ ጽሑፍ ብዬ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር ደጋግሜ ቁጭ ብዬ አውርቻለሁ። ስማቸውን አልጠራም፣ ጣቢያቸውንም አልናገርም። «ለጋዜጠኛ አወራችሁ» ተብለው እንጀራቸው እንዲነካ አልፈልግም። በዚህ አገር እሳት ውስጥ ገብቶ ከመውጣት ለጋዜጠኛ መናገር የሚያስፈራው ሰው ብዙ ነው።

በስሙ ልጀምር። ቤት ሲቃጠል «እሳት አደጋ ጥሩ!» ብለን እንጮሃለን። መኪናው ሲደርስ «እሳት አደጋ መጣ!» ብለን እልል እንላለን። አዳኙን በገዳዩ ስም ነው የምንጠራው። ፖሊስን «ሌባ» ብለን አንጠራም፤ አንዳንዴ ካልሆነ በቀር። የመሥሪያ ቤቱ የወረቀት ስም «የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን» ነው። ይህን ስም ጠርተው እስኪጨርሱ አንድ ጓዳ ይቃጠላል። ስለዚህ የምትይዙት ቁጥሩን ነው፤ 939። ነፃ ጥሪ ነው፣ ካርድ ባይኖራችሁም ይሠራል። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። እስቲ አሁን ሳላያችሁ ስልካችሁን አውጡና መዝግቡት። አዎ፣ እትዬም ጭምር።

የዚህ ከተማ ሰው ከእሳት ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ በባቡር ከወጡ በኋላ ጣሊያን በ27 እስኪገባ ድረስ አዲስ አበባ ተዘረፈች፣ ነደደች። በዓመቱ የካቲት 12 የጣሊያን ወታደርና ጥቁር ሸሚዝ ለባሹ ጎጆውን ከነሰዉ አቃጠለው። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. የጥይት ማከማቻ ፈንድቶ ከተማዋ ስትናወጥ እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶች ታስታውሳላችሁ፤ የ1977ን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ካሜራማን መሐመድ አሚን ክንዱን ያጣው፣ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ የሞተው ያን ቀን ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ዕለት ጣይቱ ሆቴል ተቃጥሎ ጃዝ አምባ ዐመድ ሆነ። እነዚህ በታሪክ የተጻፉት ናቸው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ የዕለት ሥራ ግን ታሪክ ውስጥ የማይገባው ነው፤ የአንድ ክፍል ቤት እሳት፣ ጉድጓድ የገባ ልጅ፣ ከሰል የመታው ቤተሰብ፣ መኪና ውስጥ ተጣብቆ የቀረ ሾፌር፣ በሌሊት ምጥ የያዛት እናት።

መጀመሪያ ስልኩ ነው። ደዋዩ ይጮሃል፤ «ቤት እየተቃጠለ ነው፣ ቶሎ ኑ!» ይልና ይዘጋል። የት? ማን ያውቃል! መልሶ ሲደወልለት ደግሞ «ከወፍጮ ቤቱ ገባ ብሎ፣ ድሮ የእትዬ እንትና ጠጅ ቤት የነበረበት ጋ» ይላል። ጠጅ ቤቱ ከፈረሰ ዓመት አልፎታል። ወፍጮ ቤቱም ሕንጻ ሆኗል። በፒያሳ፣ በካዛንቺስ ሰፈሩ ራሱ ተነስቷል። የቤት ቁጥር እንደሆነ ለመታወቂያ ማውጫ ካልሆነ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ 27 ቁጥር ከ310 አጠገብ ተለጥፎ ይገኛል። አንዱ ሠራተኛ «እኛ መጀመሪያ የምናጠፋው ግራ መጋባትን ነው» አለኝ። ጭሱን በዓይን እየተከተሉ የሚሄዱበት ጊዜ አለ። ሌሊት ከሆነ ጭሱም አይታይም።

ሌላው የሐሰት ጥሪ ነው። ልጆች የናታቸውን ስልክ ይዘው ይደውላሉ፣ ሰክሮ የሚደውልም ሞልቷል። ይሄ ቀልድ አይደለም። መኪናው ሐሰት ወደ ተባለበት ጫፍ ሲሮጥ እውነቱ በሌላው ጫፍ ይነዳል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሜት ልግባ። እሳት በተነሳበት ሰፈር ሁሉ በማግስቱ የሚባለው አንድ ነው፤ «ውሃ የሌለው ባዶ መኪና ይዘው መጡ!» እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት ነው። አንዳንዱ «ለምን ባዶውን ይመጣል?» ብሎ ድንጋይ ያነሳል። ሊያጠፋ የመጣውን ሰው መፈንከት ማለት ነው።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ የውሃ መኪና 5 ሺህ ሊትር ይዟል እንበል። አንድ የእሳት ማጥፊያ ጎማ በደንብ ሲከፈት በደቂቃ ከ400 እስከ 500 ሊትር ይረጫል። 5 ሺህን ለ500 ስናካፍል 10 ደቂቃ ነው። ሁለት ጎማ ከተከፈተ 5 ደቂቃ! አለቀ። ሙሉ ሆኖ መጥቶ፣ ሠርቶ፣ ባዶ ሆነ ማለት ነው። እኛ ደግሞ እንደ ባሕር የማያልቅ መስሎን እንጠብቃለን። ሙሉውን ሳናይ ባዶውን እናያለን።

ታዲያ ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል? መንገድ ዳር የተተከለ፣ ቀይ ወይም ቢጫ የተቀባ፣ ከዋናው የውሃ መስመር ጋር የተያያዘ መቅጃ አለ። ሃይድራንት ይሉታል። መኪናው ከዚያ ላይ ይሰካና ውሃው አይቋረጥም። እኛ ዘንድ ግን የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው። ማክሰኞ ሌሊት መጥቶ ዓርብ ሌሊት የሚመለስ ውሃ ያለበት ሰፈር ሃይድራንት ቢተከልለትስ ከውስጡ ምን ይወጣል? አየር! ስለዚህ መኪናው ሌላ ቦታ ሄዶ ቀድቶ መመለስ አለበት፣ ወይም ቦቴ መከተል አለበት። ቦቴው ደግሞ በአዲስ አበባ የምሽት መጨናነቅ ውስጥ ሚኒባስ፣ ላዳና ቪ ኤይት ጋር ሲጋፋ ይቆያል። ሳይረን ሲሰማ ጥግ የሚይዝ ሾፌር አለ፤ ሳይረኑን ተከትሎ መንገድ የሚያቋርጥ ብልጣብልጥም አለ። ይህኛውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ከእናንተም ውስጥ ያደረገ አይጠፋም፣ ስም አልጠራም።

እና «ባዶ መኪና» ስንል የምንከሰው ማንን ነው? ሾፌሩን ነው ወይስ የውሃ መስመሩን ያልዘረጋውን? እኔ ሁለተኛውን ነው የምከሰው።

የመርካቶውን እንውሰድ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ማታ ሸማ ተራ ነደደ። እሳቱ ሰዓታት ቆየ፤ ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ዕቃ ዓይኑ እያየ ሄደ። ነጋዴው «ዘገዩ» አለ፣ አስተዳደሩ «መንገዱ ጠባብ ነው፣ ቦታው ለሥራ አይመችም» አለ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። መርካቶን የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ጨርቅ በላስቲክ፣ ላስቲክ በካርቶን፣ ካርቶን በቆርቆሮ ላይ ተደራርቧል። ሱቁ በር ላይ ሌላ ሱቅ አለ፣ እዚያ በር ላይ ደግሞ ጉልት አለ፣ ከጉልቱ ፊት ተሸካሚው ጭነቱን አስቀምጦ ያርፋል። መኪናው እንደ ድመት ካልተሽሎከለከ የት ይገባል?

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። መርካቶ ጠባብ መሆኗ የታወቀው በ2017 ጥቅምት ነው እንዴ? መርካቶ የተቃጠለችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዴ? ጠባብነቱ ለነጋዴው ዕዳ፣ ለአስተዳደሩ ደግሞ ምክንያት የሚሆነው እስከ መቼ ነው? ግብር ሲሰበሰብ እኮ ሰብሳቢው በየጥጉ ይደርሳል፤ አንድም ሱቅ «ጠባብ ነው» ተብሎ አልታለፈም!

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የሚባለው ከተጀመረ ወዲህ መንገድ ሰፍቷል፣ መብራት ተተክሏል፣ ፏፏቴ ተሠርቷል። መንገድ መስፋቱን አልቃወምም፤ ለእሳት አደጋ መኪና ይጠቅማል። የምጠይቀው ቁጥር ነው። ይህ ሁሉ መሬት ሲቆፈር ስንት ሃይድራንት ተተከለ? ስንቱ ውሃ አለው? ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው መቼ ነው? ይህንኑ ይዤ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። የየትኛው እንደሆነ አልናገርም። «ደብዳቤ ይዘህ ና» ተባልኩ። ደብዳቤ ይዤ ስሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»። ኃላፊው ከስብሰባ ሲወጡ «ሥልጠና ናቸው»። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ወጥቶልናል፤ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። መብቱ አለኝ። መረጃው ነው የሌለኝ።

ከፍታም ሌላ ጣጣ ነው። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ቆሞ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ዙሪያውም ፎቅ በፎቅ ሆኗል። በየትኛውም አገር ቢሆን የተለመደው የእሳት አደጋ መሰላል 30፣ ቢበዛ 40 ወይም 50 ሜትር ቢደርስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሰው የሚድነው ሕንጻው ራሱ ባለው ደረጃ፣ ባለው የውሃ መስመር፣ ባለው የጭስ መከላከያ በር ነው። ያ በር በስንቱ ሕንጻ ውስጥ በዕቃ ግምጃ ቤትነት ተቆልፎ ይገኛል? ለሥራ ወደ አንድ ፎቅ በወጣችሁ ቀን አደጋ መውጫውን ደረጃ ክፈቱት እስቲ። መጥረጊያና ባልዲ ሰላም ይሏችኋል።

አሁን ስለ ከሰል ላውራ፤ ይህ የኛ ቤት ጉዳይ ነው።

ክረምት ሲሆን፣ ወይ አራስ ስትኖር፣ ወይ መብራት ሲጠፋ ከሰሉን አቀጣጥለን ወደ ውስጥ እናስገባለን። ብርድ እንዳይገባ በሩን እንዘጋለን፣ በቀዳዳው ጨርቅ እንወትፋለን። ከሰል ጭሱ ካለቀ በኋላ ሰላም የሚመስለን ብዙ ነን። እንዲያውም አደገኛው ያኔ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በረታ ጉልበት ቀድሞ ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ነው የሚታፈነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት፣ ከዚያ እንቅልፍ። በራሱ ተነስቶ በር መክፈት እንኳ ያቅተዋል። በማግስቱ ጎረቤት ሲያንኳኳ መልስ የለም። በሩን ሰብሮ የሚገባው እሳት አደጋ ነው፤ ነበልባል ሳያይ አስከሬን ያወጣል። ቤተሰቡን ሙሉ በአንድ አልጋ ላይ ያገኘ ሠራተኛ ሲያወራልኝ አጎንብሶ ጫማውን ነበር የሚያየው። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም።

«ከሰል መታው» ስትባሉ ወተትና ሽንኩርት ፍለጋ አትሩጡ። መጀመሪያ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሰውየውን ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጡት፣ ወዲያው ደውሉ። የሚያድነው ኦክሲጅን ነው፤ እሱ ያለው አምቡላንስና ሐኪም ቤት ነው። ከሰሉን ደግሞ ውጭ አቀጣጥላችሁ ውጭ ተዉት። ብርድ ልብስ ደርቡ። አዎ፣ ብርድ ልብስ ውድ ነው፣ ከሰልም ውድ ሆኗል፤ ኑሮው ነው ወደ ሞት የሚገፋን እንጂ ሰዉ ሞኝ ሆኖ አይደለም።

ጉድጓዱም እንዲሁ ነው። የውሃ ጉድጓድ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ድንጋይ ወጥቶበት ተትቶ በክረምት ውሃ የሚሞላው የኳሪ ጉድጓድ። ልጅ ይዋኛል ብሎ ይገባል፣ አይወጣም። የሽንት ቤት ጉድጓድ ሊጠርግ የገባ የቀን ሠራተኛ በታፈነ ጋዝ ይወድቃል፤ ጓደኛው ሊያወጣው ይገባል፣ እሱም ይወድቃል፤ ሦስተኛው «ወንድሞቼ!» ብሎ ይገባል። አንድ የነበረው ሬሳ ሦስት ይሆናል። የሚያሳዝነው ሟቾቹ ደጎች መሆናቸው ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚገባው አየሩን በጀርባው ተሸክሞ፣ በገመድ ታስሮ፣ ከላይ የሚጎትተው ሰው ይዞ ነው። አንድ የአየር ሲሊንደር 30 ደቂቃ ቢል ነው፤ እየደከመ ሲተነፍስበት ደግሞ ያንስበታል። ልብሱ፣ ቆቡ፣ ጫማው፣ ሲሊንደሩ ተደምሮ ከ20 ኪሎ ይበልጣል። አንድ ሩብ ኩንታል ጤፍ ሊሞላ ምንም ያህል ያልቀረውን ተሸክማችሁ በጨለማ፣ በጭስ፣ የማታውቁት ሰው ጓዳ ውስጥ በጉልበታችሁ ስትሄዱ አስቡት።

ቆሼን ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሻሻው ተራራ ሰው ላይ ተናደ። ከ110 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ቀናት የፈጀው ቁፋሮ ግን በመግለጫ አይደለም የተካሄደው፤ በኤክስካቫተርና በእጅ ነው። የሰፈሩ ወጣት በባዶ እጁ፣ አደጋ ሠራተኛው ከጎኑ። ውሃ ምንም በማያደርግበት ቦታ ማለት ነው። ቆሻሻው ከመናዱ በፊት ሰዎች እዚያ ሥር ይኖሩ እንደነበር ማን አያውቅም ነበር? ይኸው ነው የምለው፤ በዚህ ከተማ እሳት አደጋ የሚጠራው ሌላው መሥሪያ ቤት ሁሉ ሥራውን ሳይሠራ ከቀረ በኋላ ነው። ማስተር ፕላኑ ያበላሸውን፣ መብራት ኃይሉ ያጓተተውን፣ ውሃው ያስጠማውን፣ ደላላው የሸነሸነውን በመጨረሻ የሚሰበስበው ጎማ የያዘው ልጅ ነው። ስድቡንም እሱ ነው የሚቀበለው። ጥሪው ደግሞ ከከተማው ክልል ውጭም ይመጣል፤ ቡራዩም ሰበታም ሱሉልታም ሲቃጠል የአዲስ አበባው መኪና ነው የሚሮጠው። ያኔ እኛ ጋ ማን ይቀራል?

ስለ መብራት አንድ ነገር ብዬ ወደ በሩ እሄዳለሁ። ምጣድ ላይ ሆናችሁ መብራት ሄደ። «ምን ላርግ» ብላችሁ ሊጡን ከድናችሁ ጎረቤት ቡና ጠጡ። ምጣዱ ግን አልጠፋም፣ ማብሪያው እንደተከፈተ ነው። መብራቱ ተመለሰ። ምጣድ ብዙ ኃይል የሚስብ ዕቃ ነው፤ ባዶውን ይግላል፣ ሽቦው ያረጀ ከሆነ መጀመሪያ ሽቦው ይቀልጣል። ያን ጊዜ በቀበሌ ቤቶቻችን ውስጥ ያለውን አስቡ፤ የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ በላዩ ዓመታት የከረመ ጥላሸት፣ ከሱ በላይ ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ከጎረቤት ቆርቆሮ ጋር ተነካክቷል። የአንዱ ቤት እሳት በኮርኒስ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ሦስተኛ ቤት ላይ ብቅ ይላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ። «ኮንታክት አደረገ» የተባለ ቤት ላይ ውሃ ከመድፋታችሁ በፊት ቆጣሪውን አጥፉ። የሚነድ ዘይት ላይ ደግሞ በፍጹም ውሃ እንዳትደፉ፤ ውሃው ከሥር ገብቶ ፈልቶ ዘይቱን ከነነበልባሉ ወደ ላይ ይረጨዋል። ክዳን ክደኑበት፣ እሳቱን ከሥሩ አጥፉት፣ ተዉት ይብረድ። ቡታ ጋዝ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩም፣ አታጠፉምም፤ ሲሊንደሩን ዘግታችሁ በር ከፍታችሁ ውጡ።

እሺ፣ በሩ።

የብረት በሩ የተተከለው በክፋት አይደለም። ሌባ አስቸግሮን ነው። የእትዬ ቤት ሁለቴ ተሰብሯል፣ የአንዱ ወንድማችን ባጃጅ ባትሪ ተፈቶ ተወስዷል። ሁላችንም አዋጥተን ነው ያሠራነው፣ እኔም አዋጥቻለሁ። ከተተከለ በኋላ ስርቆት መቀነሱም እውነት ነው። ይህን ክጄ ብናገር ውሸታም እሆናለሁ።

ግን ትናንት ማታ ሜትር ይዤ ለካሁት። ወለል ብሎ ሲከፈት 2 ሜትር ከ40 ነው። የእሳት አደጋ መኪና ጎኑ ብቻ 2 ሜትር ተኩል ይሆናል፣ መስታወቱ ሳይቆጠር። ስለዚህ ዘበኛችን ቁልፉን ይዘው በሩ ሥር ቆመው ቢጠብቁ እንኳ አይገባም! አሥር ሳንቲ ሜትር! በዚህች ጣት ርዝመት ምክንያት መኪናው አስፋልት ላይ ይቆማል። ከበሩ እስከ መጨረሻው ቤት በእርምጃዬ 140 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ጎማ 20 ወይም 25 ሜትር ነው። ስድስትና ሰባት ጎማ መቀጣጠል አለበት ማለት ነው፤ በየመሃሉ ደግሞ ወደ ቅያሱ የወጣ አጥር፣ የቆመ ላዳ፣ የአሸዋ ክምር አለ። አጥር ያወጣነው እነማን እንደሆንን እንተዋወቃለን። መጨረሻው ቤት ውስጥ የሚኖሩት ደግሞ አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመት ያለፋቸው አባባ ናቸው።

ቁልፉ ሌላ ታሪክ ነው። ቁልፉ አንድ ነው፣ ዘበኛችን ጋ ነው። ዘበኛችን ደግሞ ደግ ክርስቲያን ናቸው፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ሲሆን በሩን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ኪዳን ይሄዳሉ። አልወቅሳቸውም፤ ደሞዛቸውን አይቼ ደግሞ ጭራሽ አልወቅሳቸውም። ግን ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይህ ቅያስ እስር ቤት ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ቂሊንጦ ሲቃጠል መንግሥት ራሱ በሰጠው መግለጫ 23 ሰዎች ሞተዋል። እዚያ የታሰረው ሰው የበሩ ቁልፍ በእጁ አልነበረም። እኛ ግን ፈርዶብን ሳይሆን አዋጥተን ነው በራሳችን ላይ የቆለፍነው።

«ታዲያ ሌባውን ምን እናድርገው?» ትሉኛላችሁ። በሩ ይቅር አላልኩም። ግራ በኩል ያለው ቋሚ ተነስቶ ወደ ግንቡ ይጠጋ፣ ስፋቱ 3 ሜትር ተኩል ይሁን። ብየዳውን የሚሠራው ልጅ እዚሁ ሰፈር አለ፣ ዋጋውን ለጸሐፊያችን ነግሯቸዋል። ቁልፉ በአራት ይባዛ፤ አንዱ ዘበኛ ጋ፣ አንዱ ዳኛችን ቤት፣ አንዱ መሃል ቅያስ ላይ ሌሊት የማትተኛዋ ነርስ እህታችን ጋ፣ አንዱ መጨረሻው ቤት። ወደ ቅያሱ የወጡት አጥሮች ጉዳይ ዛሬ አይፈታም፣ እሱ ለሽማግሌ ነው። አሸዋው ግን ነገ ይነሳ።

ከእድራችን ካዝና ደግሞ ለጊዜው አራት የዱቄት እሳት ማጥፊያ እንግዛ። ድንኳንና ወንበር የምናስቀምጥበት ቤት ውስጥ ቆልፈን አይደለም የምናስቀምጣቸው፣ ቅያሱ ላይ በአራት ቤት በር ነው የሚሰቀሉት። ጠቋሚው አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ መዋጮ ሲሰበሰብ የሚያይ ሰው ይመደብ። ሁለት በርሜል ውሃ፣ አንድ በርሜል አሸዋ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚል፣ ይህ እድር ለሰው መቅበሪያ የሚያወጣውን እናውቃለን። አንዴ ለማትረፊያ ቢያወጣ ደንቡ የሚከለክል አንቀጽ የለውም፤ አንብቤዋለሁ።

የጥሩምባ ነፊያችንንም ጉዳይ አንሱልኝ። ዛሬ እሳቸው ሲነፉ ሁላችንም «ማን ሞተ?» ብለን ነው የምንወጣው፤ ቀስ ብለን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን። እሳት ሲሆን ሌላ ምት ይኑረን፤ አጭር አጭር፣ ሳያቋርጥ። ያን የሰማ ወጣት ሁሉ ሁለቱ አስፋልት መታጠፊያ ላይ ወጥቶ ለመኪናው መንገድ ያሳያል። ሌላው ቆጣሪ ያጠፋል፣ ሌላው አባባን ያወጣል። የሚደውለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የሚናገረውን ደግሞ ጽፌ አምጥቻለሁ፤ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ ዛሬ የሚታወቅ አንድ ምልክት፣ ምን እየተቃጠለ እንደሆነ፣ ውስጥ ሰው መኖሩንና የመልስ መደወያ ቁጥር። ጠጅ ቤቱ አልተጻፈም። ይህን ወረቀት ሁላችሁም ቤት በር ጀርባ ለጥፉት፤ ሰባ ኮፒ አለኝ፣ ሲወጡ ከጸሐፊያችን ውሰዱ።

ስለ ሃይድራንቱም ደብዳቤ አዘጋጅቻለሁ፣ በእድራችን ማኅተም እንዲወጣ እጠይቃለሁ። «በወረዳችን ስንት አለ፣ የት የት ነው፣ ውሃ አለው ወይ» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ለብቻዬ ስጠይቅ «ደብዳቤ ይዘህ ና» ብለውኛል፤ አሁን የሁላችሁንም ፊርማ ይዤ እሄዳለሁ። መልሱን፣ ወይም መልስ የሌለ መሆኑን፣ በዚሁ ጋዜጣ ታነቡታላችሁ።

የኔ ይኸው ነው። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፣ ከዚያ ዳኛችን ወደ ድምፅ ይወስዱናል። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ግን አንድ ነገር ይፈቀድልኝ፤ ዘበኛችን ከኋላ ቆመው አያቸዋለሁ፣ እባክዎ አባቴ፣ ያንን አንድ ቁልፍ ያምጡና እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡልን።